ቀለሙ ሳይደርቅ

በያጇ መታየት አትወድም። የስልኳን ካሜራ በፕላስተር ሸፍናለች፤ በሯ ላይ ሦስት መቀርቀሪያ በገዛ እጇ በይዳለች። የቀድሞ ባሏ መንጋጋዋን ሰብሮ፣ «የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ፤ ያኔ እጨርስሻለሁ» ካላት ስምንት ወር ሆኖታል።

የቀረው ጥንቃቄ ግን እንደ ብዙዎቻችን ለነገ የተተወ ይመስላል። ቅዳሜ ዕለት ፕላስተሩን ለአፍታ ልጣ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ በረንዳ የተነሳችውን ፎቶ ለዓለም ለቀቀችው።

እሁድ ታላቅ እህቷ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች።

«አንቺ ጅል! ከፎቶው ሥር ሰፈርሽ፣ ሕንፃሽ ሳይቀር ተጽፏል። ያ አውሬ ዓይን የለውም ብለሽ ነው?»

«ውይ፣ ሎኬሽኑ በርቷል እንዴ?»

«አጥፊው እንጂ!»

«እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፣ እታለም። ነገ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስጠፋዋለሁ።»

«ነገ፣ ነገ! ካሜራውን በፕላስተር ለጥፈሽ አድራሻሽን ታድያለሽ።»

እህት ንፋስ ለማግኘት በረንዳው ላይ ወጣች። የብረት መደገፊያውን ልትደገፍ ስትል በያጇ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«ቀለሙ አልደረቀም።»

እህት ጥጉ ላይ የተቀመጠውን የብረት መቁረጫ በእግሯ ገፋ አደረገች። «ሥራሽንም ቤት ማምጣት ጀመርሽ?»

«ትንሽ የምነካካው ነገር ነበረኝ።»

ሰኞ ጠዋት በሩ በአንድ እርግጫ ተበረገደ፤ ሦስቱም መቀርቀሪያዎች አልተዘጉም ነበር። የቀድሞ ባሏ ቢላዋ ይዟል። በመጀመሪያው ቡጢ ከንፈሯን ሰነጠቀው፤ በሁለተኛው ከግድግዳው ጋር አላተማት። ቢላዋው ክንዷን እስከ ክርኗ ተለተለው። ደሟ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ በረንዳው አፈገፈገች።

«አላልኩሽም? የትም ብትገቢ!»

ዘሎ ተወረወረባት። እሷ ወደ ጎን ዞር አለች። መደገፊያው ከነሰውየው ሄደ። ከታች ጆንያ የወደቀ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ብረቱ አስፋልቱ ላይ ተንከባሎ ዝም አለ።

መርማሪው ዕድሜ የጠገበ ፖሊስ ነው። ከሟቹ ኪስ ባወጣው ስልክ ላይ የሴትዮዋ ፎቶ እንደተከፈተ ነበር። ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ልጅ፣ የዛገው ብረት ባይከዳው ጨርሶሽ ነበር። ሁላችሁም ‹ተሰለልን› ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ይቺን ሎኬሽን የሚያጠፋ ግን የለም። ስልክሽን አምጪ፣ ላሳይሽ።»

«አይድከሙ» አለች። ስልኩን በደማ እጇ አወጣች፤ ዓይኗን ከፖሊሱ ሳትነቅል በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ ሎኬሽኑን አጠፋችው።

በማግስቱ፣ ክንዷ በፋሻ እንደታሰረ፣ የብረት መቁረጫውን ወደ ወርክሾፑ መለሰች።