የአሥረኛው ጨዋታ ስለት

«ተነሺ እንጂ፣ ልጅሽ ገባ!» ይላሉ ጋሽ መልከጼዴቅ ክንዴን እየሳቡ።

ሊዑል የአሜሪካ ፉትቦል ሄልሜቱን እያጠበቀ ወደ ሜዳው መሃል ይሮጣል። አሥራ ስድስት ለአሥራ አራት እየተመሩ ነው፤ የቀረው አራት ሰከንድ ነው። ኳሷን መትቶ በሁለቱ ቢጫ ምሰሶዎች መካከል ካሳለፋት ሦስት ነጥብ ያገኛሉ፤ ያሸንፋሉ።

እኔ እንዲያሸንፉ አልፈልግም።

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ከኋላ ላሉት ሰዎች አይታያቸውም» እላቸዋለሁ።

«ይቅርባቸው! ዘጠኝ ሽንፈት አይተዋል፤ አልጠገቡም?»

ጋሽ መልከጼዴቅ ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ግን የሊዑል ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሥራ አይገቡም። በዚህ ቡድን ምክንያት ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይዟቸዋል።

እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው አምቡላንሱ በሚቆምበት በኩል ነው። የኢንሹራንሱ ካርድ ከኮቴ ኪስ አይወጣም።

በሦስተኛው ጨዋታ ሊዑል ኳሷን መትቶ ሲያበቃ፣ ተቀብሎ የሚሮጠውን የተጋጣሚ ልጅ ሊያስቆም ሄደ። ራስ ለራስ ተጋጩ። ተነሣ፤ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ሰው አጨበጨበ። ወደ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ፣ «እማ፣ አባዬ ከሥራ ገብቷል?» አለኝ። አባቱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ። መኪናውን ወደ ሆስፒታል አዞርኩት።

ሐኪሟ ሦስት ሳምንት ከጨዋታ አግዳ ለቀቀችው። እኔ አልለቀቅኩትም። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። ሲሰለቸው፣ «ኦኬ እማ፣ ዲል እናድርግ» አለኝ። «እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አንድ ጌም እንኳ ካላሸነፍን አቆማለሁ። አንድ ካሸነፍን ግን በሚቀጥለው ዓመትም እጫወታለሁ፤ አንቺም ከዚህ በኋላ አታለቅሺም።» እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት። ይስቅ ነበር። አንድ ጨዋታ እንኳ የማያሸንፍ ቡድን የት አለ ብሎ ነው።

በማግስቱ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳልኩ። አንድም ጨዋታ ካላሸነፉ፣ ልጄም ከነጤናው ከሜዳ ከወጣልኝ፣ ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ የምለው አንድ ነገር ነው፤ «አባቴ ገብርኤል፣ ዛሬም አይቅናቸው።»

አልቀናቸውም። ሊዑል በየቅዳሜው አንገቱን ደፍቶ ይገባል፤ ያቀረብኩለትን ሳይነካ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ሰሃኑን እንደሞላ አነሣለሁ። ደግሞ እፎይ እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ሳይጀመር፣ ሃቫና መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ያዘዝኩትን ጃንጥላ ተቀብያለሁ። ቀይ ከፈይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። በላስቲክ እንደተጠቀለለ ከመኪናዬ ኋላ፣ ትራንክ ውስጥ ተኝቷል።

ቡድኑ ይሸነፍ አልኩ እንጂ፣ በማን እግር እንደሚሸነፍ አላሰብኩም ነበር።

ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ተጋጣሚዎቹ ሊዑልን ለማስጨነቅ ሰዓት አስቁመዋል። ጓደኞቹ ከሜዳው ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ተንበርክከዋል፤ አንዳንዶቹ ማየት ፈርተው አቀርቅረዋል። እሱ ብቻውን ቆሟል። ከተራራው የሚመጣው ንፋስ ማልያውን ከጀርባው ላይ ያጣብቀዋል፤ ያን ሁሉ የትከሻ መከላከያ ካላበሱት በኋላ እንኳ ቀጭን ነው።

ቀና ብሎ በሰዉ መሃል ይፈልገኛል። ያገኘኛል።

ልመናዬን ልመልሰው እፈልጋለሁ። «አባቴ ገብርኤል፣ ይህችን አንዷን ብቻ...» ብዬ እጀምራለሁ። ግን «አባዬ ከሥራ ገብቷል?» ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የሚቀጥለው ዓመት ይመጣብኛል፤ ሌላ አሥር ጨዋታ፣ ሌላ አሥር ቅዳሜ። አፌ የለመደውን ይላል። ዛሬም አይቅናቸው። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል።

ሊዑል ይመታል። ኳሷ ከፍ ብላ በቀጥታ ትበራለች፤ ጋሽ መልከጼዴቅ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። መጨረሻዋ ላይ ወደ ግራ ታጋድላለች። ምሰሶውን ስትመታ የብረቱ ድምፅ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል።

ጋሽ መልከጼዴቅ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። «ይሄ ልጅ ምን በድሎ ነው?» ይላሉ። እኔን ይጠይቁኝ፣ እግዜርን፣ አላውቅም።

ሊዑል የሚመጣው ፓርኪንጉ ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ቦርሳውና ጫማው በጭቃ ተለውሰዋል። ላቅፈው ስጠጋ ለአፍታ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል።

«አየሁሽ» ይለኛል።

«ምን ስሆን?»

«ልመታ ስል። ስትጸልዪልኝ አየሁሽ። በጣም ነርቨስ ነበርኩ እማ፤ አንቺን ሳይ ግን ተረጋጋሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። «ንፋሱ ነው መሰለኝ። ኤኒዌይ፣ ዲል ዲል ነው። አቆማለሁ።»

መኪናውን በቁልፉ እከፍትለታለሁ።

ትራንኩን ይከፍታል። ቦርሳውን ሊወረውር ያነሣና ይቆማል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ነው።»

ቦርሳውን አስፋልቱ ላይ ያስቀምጣል። እጁን በሱሪው ደጋግሞ ይጠርጋል። ጃንጥላውን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ልጅ እያለ እንዳስተማርኩት፣ በላስቲኩ ላይ ይስመዋል። ጭቃው እንዳይነካው ወደ ኋላ ወንበር ይወስደውና ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል። ከዚያ፣ ፍሬን ስይዝ እንዳይወድቅ ነው መሰል፣ ቀበቶውን ስቦ ያስርለታል።