ስቱል ይዘው ይምጡ

እትዬ ኡምሰልማ ፌስታሉን ፈትተው በርጩማውን የላቦራቶሪው መስኮት ደፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ባለ ሦስት እግር፣ ከመቀመጥ ብዛት መሐሉ የጎደጎደ የእንጨት በርጩማ ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ፣ ደረቷ ላይ «ኑሀሚን» የሚል ባጅ የለጠፈች፣ በርጩማውን ታያለች፤ ቀጥላ ሴትየዋን ታያለች።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያላችሁኝ ነዋ! ትናንት ‹ስቱል ይዘው ይምጡ› አላላችሁኝም?»

ኑሀሚን ሳቋን ልትውጠው ትሞክራለች፤ ያመልጣታል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀውም ሰው አብሯት ይስቃል። አንድ ጎልማሳ ነገሩን ለጎኑ ሰው በአፋርኛ ይነግረዋል፤ ሳቁ ከዳር እንደገና ይነሳል።

«ስቱል ማለት እኮ ሰገራ ነው፣ ማዘር። ዓይነ ምድር።»

እትዬ ኡምሰልማ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ።

ፍቅረሰላም ከኋላቸው ቆሟል። አሳይታ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የሚኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይቶ፣ የሚበላውም እሳቸው ምግብ ቤት ነው። ዛሬ ሰመራ የመጣው ለሥራ ዝውውሩ ጉዳይ ነበር፤ መጀመሪያ ግን እሳቸውን ክሊኒኩ ሊያደርስ ገባ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመጡ ጭናቸው ላይ ካቀፉት ፌስታል የእንጨት እግሮች ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

እሳቸው ግን ትናንት እራት ላይ ጠይቀውታል። ከሒሳብ አስተማሪው ከኃይለ ልዑል ጋር ከአንድ ትሪ እየበሉ ሳለ፣ እትዬ ኡምሰልማ ወጥ እየጨመሩላቸው፣ «መምህር፣ ይሄ ስቱል የሚሉት ምንድን ነው?» አሉት። ባላቸው ጋሽ ከድሩ ሆዳቸውን ታመው፣ እዚህ ክሊኒክ ደርሰው፣ ለምርመራው የሚሰጡት አጥተው መመለሳቸውን ሰምቷል። ሁለተኛው ትርጉም አእምሮው ውስጥ ብልጭ አለ። ግን እጁ ትሪው ላይ ነው፤ ኃይለ ልዑል ያየዋል፤ እሳቸው ደግሞ እናቱን ያህላሉ። የክሊኒኩ ሰዎች በደንብ አስረድተዋቸው ይሆናል ብሎ ለራሱ ነገረ። «በርጩማ» አለና ጎረሰ።

«ማነው እንዲህ ያለዎት?» ትላለች ኑሀሚን፣ ዓይኗን እየጠራረገች።

ፍቅረሰላም አፉን ይከፍታል።

«ማንም አላለኝም» ይላሉ እትዬ ኡምሰልማ ፈጠን ብለው። «ድሮ ጥጥ እርሻው ካምፕ ምግብ ሳበስል ፈረንጆቹ በርጩማን እንዲያ ሲሉ እሰማ ነበር። የራሴ ጥፋት ነው።»

ወደ እሱ አይዞሩም። እሱም አፉን መልሶ ይገጥማል።

ውጭ፣ ጥላ ያለው ግድግዳው ሥር ብቻ ነው። እሳቸው በርጩማው ላይ፣ እሱ መሬቱ ላይ ይቀመጣሉ። ፍቅረሰላም ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሆኖ ማውራት ይጀምራል።

«ጥፋቱ የቋንቋው ነው፣ እትዬ። ድሮ ቃሉ መቀመጫ ማለት ብቻ ነበር። ኋላ ላይ እንግሊዞቹ ቀዳዳ ያለው መቀመጫ አሠርተው እሱ ላይ ይጸዳዱ ጀመር። ነገሩን በስሙ መጥራት ስላፈሩ ‹መቀመጫው ጋ ሄደ› ይሉ ነበር። ቆይቶ ስሙ ከመቀመጫው ወደ… ወደዚያው ወረደ።»

«ወደ ምኑ?»

«ወደ እሱው።»

እትዬ ኡምሰልማ ትኩር ብለው ያዩታል። «ታውቀው ነበር እንዴ?»

ስልኩ እጁ ላይ ነው። አሁን ነው ያነበብኩት ቢል ያምኑታል።

«አውቀው ነበር።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። እየበላን ስለነበር… ሰው ስለነበር… እርስዎን አፍሬ ነው።»

እትዬ ኡምሰልማ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩዋቸዋል።

«ወር ሊሞላኝ እኮ ነው» ይላሉ ቀስ ብለው። «የማጥበው በዚህ እጄ ነው። ልብሱንም፣ አንሶላውንም፣ እሱንም። ታዲያ እኔን ነው ያፈርከው፣ ልጄ?»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ሲያቃስት ነው ያደረው። በአላህ ፈቃድ ዛሬ መድኃኒቱን ይዤለት እገባ ነበር።»

ኑሀሚን በጓሮ በር ትወጣለች። አሁን አትስቅም። ባለ ክዳን ትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ ትዘረጋለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማዘር። በዚህ ይምጣ። ብቻ እንዳይቆይ። ከመዝጋታችን በፊት ይድረስ፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ።»

እትዬ ኡምሰልማ ሊነሱ ጉልበታቸውን ይደግፋሉ። ፍቅረሰላም ቀድሞ ብልቃጡን ይቀበላል።

«እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ጉዳይህስ?»

«ይቆያል። እርስዎ ትንሽ ይረፉ።»

ስልክ ይደውላል። ጋሽ ከድሩ ጆሯቸው ይከብዳል። ፍቅረሰላም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጮኻል።

«ጋሽ ከድሩ! አሁን እመጣለሁ! ለክሊኒኩ የምወስደው ነገር አለ!»

«ምንድን ነው የምትወስደው?»

«ሰገራ።»

«ኧ? አልሰማሁም።»

ከግድግዳው ይዞራል። የመተላለፊያው መስኮት ክፍት ነው፤ አግዳሚው ላይ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያዩታል።

«ሰገራ! የእርስዎን ሰገራ ልወስድ ነው!»

ማንም አይስቅም።

«ተው፣ መምህር» ይላል ከስልኩ ወዲያ የደከመ ድምፅ። «ነውር ነው። እሷ ትምጣ።»

«የምመጣው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ከድሩ።»

ስልኩን ይዘጋል። ብልቃጡ ሱሪ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው፤ እጁም ሳያስበው ወደዚያው ይወርዳል። ኪሱ አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ብልቃጡን ሰው እንዲያየው በእጁ እንደያዘ፣ በመተላለፊያው በኩል በአግዳሚው ፊት አልፎ ወደ አስፋልቱ ይወጣል።