የዓሣ አጥንቷ ምልክት

ቢላዋውን የትምህርት ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ላይ እሰካዋለሁ። ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ እግሬ ላይ ይወርዳል። ደግሜ እሰካዋለሁ።

«እማ፣ ተይ! ሰው እያየን ነው» ትላለች ልጄ ኪደን። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መንገዱ ዳር ቆማለች። ዛሬም ሰልፍ ላይ ስሟ ተጠርቶ፣ የተርሙን የትምህርት ክፍያ ካላመጣሽ አትገቢም ተብላ ተመልሳለች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናው ደርሷል። በዚህ በኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈር የሚሰፈርልን በቆሎ ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ ሸጬ የምከፍለው ትርፍ የለኝም።

የሚመጣው ሁሉ ከወዲሁ ይታየኛል። ፖሊስ ይመጣል። የራሽን ካርዴን ይቀሙኛል። ኪደን ቤት ትቀመጣለች፤ ከዚያ የሰፈራችን ሽማግሌ ከሰል ነጋዴ የጥሎሽ ፍየሎቹን እየነዳ ለሚስትነት ሊጠይቃት ይመጣል። እኔ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። አገራችን ደቡብ ሱዳን፣ ካጆ ኬጂ ሳለን «መንደሩ ይቃጠላል፣ ኡጋንዳ እንሻገር» ስለው ባለቤቴ ስቆብኝ ነበር።

ርዕሰ መምህር ኤዛማ በአጥሩ ጥግ ዞረው ይመጣሉ። ከሩጫው ብዛት ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተጥሏል።

«ማማ ኪደን! ምን ነካሽ? አብደሻል እንዴ?»

«ጭቃዬን እየወሰድኩ ነው።»

«የትምህርት ቤት ንብረት ነው እኮ!»

«ማን መረገው?»

መልሱን ያውቁታል። አሁን ኪደን የምትማርበት ይህ ክፍል ሲሠራ ወንዶቹ እንጨቱን አቆሙ፣ ማገሩን አሰሩ። ምርጊት ግን በእኛ ዘንድ የሴት ሥራ ነው። እያንዳንዳችን ድርሻችንን መርገን ስንጨርስ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጣታችን ምልክታችንን እናሰፍርበታለን። የእኔ የዓሣ አጥንት ይመስላል። ይኸው ከቢላዋው በላይ አለ፤ ዝናብ እንኳ አላጠፋውም። ያን ጊዜ እኚሁ ሰውዬ «የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያ አትጠብቁ» ብለውን ነበር። አልጠበቅንም።

«መምህር፣ እኔ ያኔ ክፍያ አልጠየቅኳችሁም። አሁን እናንተ ከጠየቃችሁኝ፣ እኔም ጭቃዬን ይዤ ልሂድ።»

«መምህራኑስ? ልጆች የላቸውም? ምን ይብሉ?»

«ይብሉ እንጂ! እኔ የማንንም እንጀራ አልነካሁም። የራሴን ጭቃ ነው የነካሁት።»

«ፖሊስ እጠራለሁ!»

በግራ እጄ ግድግዳውን እደገፋለሁ። «ይጥሩ» እላለሁ፤ ድምፄ ቀጥኖ ይወጣል። «ሲመጡ ግን የዓሣ አጥንቷን ያሳዩአቸው።»

ውሃ ቀድተው የሚመለሱት ሴቶች ቆመዋል። ጎረቤቴ ማማ ጉኔ ጀሪካናቸውን ከራሳቸው አውርደው ያስቀምጣሉ።

«አንተ ኤዛማ፣ ልጄ፣ ከጠራህ አይቀር ለእኔም ጨምረህ ጥራልኝ። ክብ ክብ ምልክት ያለበት ያኛው ጎን የእኔ ነው። ከጀርባው ያንተ ቢሮ ነው አይደል? እሰይ፣ ነፋስ ይገባልሃል!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ትከሻቸው ላይ የተጣለውን ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ።

ቢላዋው ድንገት እጀታው ድረስ ይገባል። ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ቀዳዳውን በእጄ አሰፋዋለሁ፤ ጭቃውን እየነቀልኩ እግሬ ሥር እከምራለሁ። ማገሩን አልነካም፤ እሱ የወንዶቹ ነው።

ስጎነበስ የልጆች ዓይን ይገጥመኛል። ከእነሱ ወዲያ ሰሌዳው አለ፤ ክፍልፋይ ተጽፎበታል። መምህርቷ ጠመኔ እንደያዘች ከፊቱ ቆማ ወደ እኔ ታያለች። አሁን ትጮህብናለች፣ እላለሁ በልቤ። አሁን በሩን ከፍታ ትወጣና ልጄን በሰው ፊት ታዋርዳታለች።

ኪደን ጉንጯን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። መጥታ አጠገቤ ትንበረከካለች። ደብተሯን ቀዳዳው ከንፈር ላይ ዘርግታ ወደ ሰሌዳው ታያለች።

«እማ፣ ጥላሽን አንሺልኝ።»

ፈቀቅ እላለሁ። ውስጥ፣ መምህርቷም ከሰሌዳው ፊት ፈቀቅ ትላለች።