የሐምሌው አውጫጭኝ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ዝናቡ ድምፄን ዋጠው። ያኔም እንዲህ ሐምሌ ነበር፣ ጤፍ የሚዘራበት። በደርግ ጊዜ ነው። ከቢቸና ወዲህ ባለች ቀበሌ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ተሰረቀ።

እህሉ የኮታ እህል ነው፤ ከየሰዉ ጎተራ ተጠርጎ የገባ። በሩ አልተነካ፣ ቁልፉ አልተሰበረ። መክፈቻው ከማን ዘንድ ነው ብትሉኝ፣ ከሊቀመንበሩ ከፋንታ ወገብ ላይ። እንግዲህ አስቡት።

ፋንታ ራሱ አውጫጭኝ ጠራ። እናንተ አታውቁትም፤ አገሩ ሁሉ በረት ይገባና በእሾህ ይዘጋበታል። የሌባው ስም ካልወጣ ማንም አይወጣም። የሚጠቁም ሰው በሽማግሌ ጆሮ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም።

ሽማግሌው፣ እርጉዟ፣ አራሷ ሁሉ ገባ። አባ ሣህለ ማርያምን እንኳ ከዋሻቸው አውጥተው አመጧቸው። አባ ሳይመነኩሱ የአገሩን ጣራ ሁሉ የከደኑ እጀ ብልህ ነበሩ። ሚስታቸው ስትሞት መነኑ፤ ከዚያ ወዲያ ጥሬ ቆርጥመው የሚያድሩ ጻድቅ ናቸው።

ዝናቡ ወረደ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ዋጠ። ከእሾሁ ማዶ በሬው ሥራ ፈትቶ ያገሳል፤ ማሳው ዘር ይጠብቃል፤ ሰው ቆሞ ያያል።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ባንቺዓለም፣ ምላሷ ምላጭ ነው፤ «ወፏን ከምትጠብቅ ወገብህ ላይ ያለውን ቁልፍ አትጠይቀውም?»

በረቱ ሳቀ። ፋንታ ፊቱ ጠቆረ።

«በማርያም እምላለሁ፣ አልነካሁም!»

«ደግሞ ማርያምን ከመቼ ወዲህ አወቅሃት?»

ኋላ ወፏ ተናገረች፤ ይርጋነሽ ናት አለች። ይርጋነሽ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ምስኪን ናት። ታጣቂ ሄዶ ቤቷን ቢፈትሽ አንድ ቁና ጤፍ ተገኘ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ጠዋት ስነሣ ደጄ ላይ አገኘሁት። እመቤቴ ናት የሰጠችኝ።»

እንደሷ ባል አልባ የሆኑት ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

ፋንታ እጇን አሳሰረ። ልጆቿ ቀሚሷ ላይ ተንጠለጠሉ። ቢቸና ወኅኒ ከገባች እነሱን ማን ያበላል?

ይሄኔ አባ ሣህለ ማርያም ተነሡ።

«ፍቷት። ሌባው እኔ ነኝ። በጣራው ገብቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዋሻዬ ግቡና እዩ።»

በረቱ እንባ በእንባ ሆነ። «እኔ ሌባ፣ እኔ ኃጢአተኛ» ሳይል የሚውል መነኩሴ አይታችኋል? ሴቶቹ ተሻምተው ጉልበታቸውን ሳሙ።

«የሰው ኃጢአት ተሸክመው ሊሄዱ ነው እኮ!»

«ይቅር ይበሉን አባ» አለ ፋንታ እንኳ፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መልሶ። «የጻድቅ ዋሻ አይፈተሽም። እናቴ ትረግመኛለች።»

«ልጄ፣ የክርስቲያን አዎን፣ አዎን ነው። አዎን እያልሁህ ነው።»

«ወይ ትሕትና!» አለች ባንቺዓለም፣ እሷም በተራዋ እያለቀሰች።

ይርጋነሽን ወደ ቢቸና ነዷት። አባ በጭቃው ከኋላዋ ተከተሉ። እዚያ የቆያቸው ከሩቅ አገር የመጣ ጎረምሳ ካድሬ ነው፤ መስቀል ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ የመነኩሴ ወግ የማያውቅ።

«ሰረቅሁ ነው የሚሉት?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ይግቡ።»

እሷን ፈትቶ እሳቸውን አሰረ። ዋሻውን ፈትሹ ብሎም ታጣቂ ላከ። ታጣቂው ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ዋለና «ምንም የለም» ብሎ ተመለሰ። ማን ደፍሮ ይገባል?

አገር አለቀሰ። ካድሬው «ጻድቅ ያሰረ ከሀዲ» ተብሎ በየደጀ ሰላሙ ተረገመ። ፋንታ ደግሞ የራሱን ሌብነት በመነኩሴ አንገት አስገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ «እንደምን አደርህ» የሚለው ጠፋ።

እንዲህ ሆኑላችሁ። ይርጋነሽ ልጆቿን አሳድጋ ዳረች። ካድሬው ጦር ግንባር ሄዶ በዚያው ቀረ። የፋንታ እናት ስትሞት ቃሬዛ የሚያነሣ አልተገኘም፤ እሱና ሚስቱ ተሸክመው ቀበሯት። ከዚያ አገሩን ለቆ ሞጣ ገባ፤ በገበያ ሸክም እየተሸከመ ኖረና «አልሰረቅሁም» እንዳለ ሞተ። ባንቺዓለም «ማርያም ፈረደችበት» አለች። አባ ወኅኒ ውስጥ ዐረፉ፤ አገር ሆ ብሎ አምጥቶ ቀበራቸው፣ ዋሻቸውንም በክብር በድንጋይ ደፈነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቄሶቹ ለበሽተኛ የሚሆን አፈር ሊዝቁ ያንን ድንጋይ አነሡት።

ከመደባቸው ሥር የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ጆንያ ወጣ፤ ጤፉ ተጋምሷል፣ መስፈሪያው ቁናም ከላዩ ላይ ተቀምጧል።