የአክስቴ ሆድ

ሊቲያ ሰሌዳውን ወደ አብራሪው መስኮት ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን የአውሮፕላኗ የፊት እግር ላይ ተተክሏል። ሌላ ጊዜ መዳፍ የሚያህል የሚያብለጨልጭ ብረት ይታይበታል። ዛሬ ሁለት ጣት እንኳን አይሞላም። ጭነት ከብዷት ቁጢጥ ብላለች እኮ!

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የአውሮፕላኗ ክብደት ነው። ማስወንጨፊያው ከመርከቧ ላይ የሚያስፈነጥራት በዚያ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከብዳ ከሆነ፣ ከመርከቧ ጫፍ ወርዳ ባሕር ውስጥ ጥልቅ፤ በቃ።

ካፒቴን ማናሴ ቁጥሩን አይቶ ከመስኮቱ አውራ ጣቱን ይቀስርላታል። ልክ ነው ማለቱ ነው። እሱ ምን ያውቃል?

የጫናት መርከበኛው ሁሉ አጎቴ የሚለው ቶማሲ ነው። ጠዋት፣ "ዛሬ አክስቴ ባዶዋን ነች፤ ትርፍ አንጀት የያዘውን ወጥ ቤት ደሴቱ ድረስ ማድረስ ብቻ ነው" ብሏታል። አክስቴ የሚሏት አውሮፕላኗን ነው፤ ደብዳቤውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ የጥርስ ሐኪሙንም የምታመጣላቸው እሷ ስለሆነች።

ቶማሲን ታየዋለች። ሁሌ ምላሱን የሚያወጣባት ሰውዬ ዛሬ ዞር ብሎ ሰማይ ያያል። ምን የሚታይ አለ ደግሞ? ሰሞኑን ከመርከቧ መጋዘን ጠፋ የተባለው የመዳብ ሽቦስ? እሱ እንደሆነ ምስጢር ነፍሱ ነው። ትናንት ለእናቷ ለሜሬሲያና የምትልከውን የብረት ድስት ሲቀበላት እንኳን፣ "ላንቺ ብቻ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" ብሎ ጠቅሷታል።

ከተሳሳተች በሽተኛው ይዘገያል፤ እሷም የመርከቧ መሳቂያ ትሆናለች። ዝም ካለች ግን...

እጆቿን ከራሷ በላይ ታጣምራለች። ቁም!

ሞተሮቹ ይጠፋሉ። ቶማሲ እየሮጠ ይመጣል።

"አንቺ! አበድሽ እንዴ?"

"ምን ጭነህባት ነው?"

"ምንም!"

"እግሯን እየዋ! ሽቦውን ነው አይደል?"

"የምን ሽቦ? እኔ ሌባ ነኝ? ኧረ ተይ ሊቲዬ..."

ማናሴ ወርዶ መጥቷል። "ክፈተው፣ አጎቴ።"

የኋላው በር ይከፈታል። ሽቦ የለም። ጥቅል ነው፤ በጥቅል ላይ ጥቅል። የሩዝ ከረጢት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሕፃን ብስክሌት። ወጥ ቤቱ ቃሬዛው ላይ ሆኖ መሃል ተቀርቅሯል።

"እኔማ እግሬን የምዘረጋበት የለም ብዬ ነበር" ይላል እያቃሰተ።

"የማነው ይሄ ሁሉ?" ይላል ማናሴ።

ቶማሲ አንገቱን ያካል። "ሁሉም 'ትንሽ ነገር ናት አጎቴ' ነው ያለኝ።"

የመርከቧ ወለል ላይ ያለው ሰው በሙሉ ዓይኑን ይሰብራል። አንዱ ጫማውን ያያል። አንዷ ሄልሜቷን ታጠብቃለች። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ "ላንተ ብቻ ነው ብሎኝ እኮ ነው" እያለ ያንሾካሹካል።

ማናሴ ጎንበስ ብሎ ከሥር አንድ ከባድ ነገር እየጎተተ ያወጣል። ክዳኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ያነባል። "ሜሬሲያና... ሜሬሲያና የማን ናት?"

ሊቲያ ሰሌዳውን ደረቷ ላይ ልጥፍ ታደርገዋለች፤ ቁጥሩን ወደ ውስጥ አዙራ።