ያልጎረሰ ይግባ

እስከዚያች ዕለት ድረስ የአርብ ገበያ ልማድ ይህ ነበር፤ ባለ ጠመንጃው ጠመንጃውን አንግቶ ይገባል፣ ባለ ዱላው ከኋላው ይከተላል፣ ሴቱና አህያው በተረፈው መንገድ ይሄዳል። የሰው ጠመንጃ ጥይት ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሰው ጎተራ ከፍቶ እንደ ማየት ይቆጠራል። በገበያው መሀል ሰው ከሞተ ሦስት ዓመት አልፏል። ዳኛው ይህ የሆነው ሁሉም ስለታጠቀ ነው ይላሉ። ቀሳውስቱ ደግሞ፣ ሁሉም ታጥቆ ሳለ አለመጋደሉ የእግዜር ቸርነት ነው ይላሉ።

ዛሬ ግን ከመግቢያው ወይራ ሥር ገመድ ተዘርግቷል። ከገመዱ ወዲያ የቆመው አሥር አለቃ ወልደ ሩፋኤል ከበላይ የመጣለትን አዲስ ትእዛዝ ደግሞ ደጋግሞ ይናገራል።

«የጎረሰ ጠመንጃ እዚህ ይቀመጣል። ያልጎረሰ ይግባ።»

እንየው ተራው መሀል ቆሟል። ውጅግራ ጠመንጃው ጥይት ከቀመሰ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በዝናሩ የደረደረው ባዶ ቀለህ ነው፤ በየአፉ እንጨት ጠርቦ ሰክቶበት፣ ጥይት እንዲመስል በቅቤ ወልውሎታል። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ማሬ ብቻ ናት። ታላቅ ወንድሙ የገብረ ሚካኤልን የአክስት ልጅ ገድሎ ቆላ ከወረደ ወዲህ የደሙ ባለ ዕዳ እሱ ነው፤ እርቅም ገና አልወረደም። እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየው ይህ ከትከሻው ያለ ብረት መሆኑን ተጠራጥሮ አያውቅም። አሁን ደም መላሹ ገብረ ሚካኤል ምንሽር ጠመንጃውን እንዳነገተ ከኋላው ቆሟል።

እንየው ከፊቱ ወዳለው ጎረቤቱ ጠጋ አለ።

«ፈንታ፣ አንድ ጥይት አውሰኝ።»

«የውጅግራ ጥይት ከየት አባቴ ላምጣልህ?»

«የምንም ትሁን። ገብታ ብቻ ትታይ።»

ፈንታ ዞሮ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እኮ አንተን ልለምንህ ነበር።»

ወዲያው የፈንታ ተራ ደረሰ። አሥር አለቃው የጠመንጃውን መዝጊያ ስቦ ወደ ውስጥ አየ።

«ባዶ ነው። ግባ።»

«ግድ የለም፣ ይቀመጥልኝ።»

«ባዶ አላስቀምጥም። ትእዛዙ የጎረሰውን ነው።»

«እና ተሸክሜው ልዙር?»

«እንዳመጣኸው።»

ከገመዱ አጠገብ ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠችው ታደለች ቀና አለች። «አያ ፈንታ፣ ለጥምቀት እንዲያ የፎከሩት በዚችው ነው?» ሰው ሳቀ። ፈንታ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ቀጥሎ እንየው ነው። አሥር አለቃው መዝጊያውን ስቦ አየ፤ ከዝናሩም አንዱን መዞ በጣቱ ጫን ቢለው የእንጨቱ ጫፍ ወልቆ መሬት ወደቀ። አሁን የሳቀ የለም። ደም እንዳለበት የሚያውቁት ሁሉ አፋቸውን ያዙ፤ ታደለችም ሽንኩርቷን መደርደር ጀመረች።

«ግባ፣ ወንድሜ» አለው አሥር አለቃው ቀስ ብሎ።

እንየው ገመዱን አልፎ ሦስት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ በላይ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ አልሆነለትም። ሞቱን ሊያይ እንደሆነ ሁሉ ዞሮ ገብረ ሚካኤልን ተመለከተ።

ገብረ ሚካኤል ምንሽሩን ከትከሻው አላወረደም። «ይህ የጎረሰ ነው። ሳትነካካ አስቀምጠው፣ ይባርቅብሃል።»

«እኔ እይዘዋለሁ። አምጣ።»

«አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

አሥር አለቃው ተቀበለው። መዝጊያውን ሳበ፣ አየ፣ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ዝናሩንም ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ።

«ባዶ ነው» አለ፤ የራሱን ቃል ያላመነ ይመስላል።

ገብረ ሚካኤል ደም መስሎ ቀላ። አሥር አለቃው ጠመንጃውን መልሶ ሲሰጠው ከወይራው ግንድ የተደገፉትን የጎረሱ ጠመንጃዎች አየ። ሦስት ናቸው። ከዚያ በፊት ያሳለፋቸውን ባዶዎች ቆጥሮም አይጨርሳቸው።

«እንግዲህ ይህን ገበያ ሲጠብቀው የኖረው ምኑ ነው?» አለ። ማንን እንደጠየቀ አልታወቀም።

እንየው ደስ ይበለው ይቆጣ አላወቀም። የእናቱን ተዝካር በሩቅ ሆኖ ነው ያሳለፈው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በገብረ ሚካኤል ደጅ ስለሚያልፍ። ይህን ባዶ ምንሽር ፈርቶ። ያም ሰው ደሙን ባለመመለሱ የገዛ ዘመዶቹ በየሠርጉ በዘፈን ይሰድቡታል። ይህን ባዶ ውጅግራ ፈርቶ። ወይስ ፈርቶ አይደለም? መግደል ሳይፈልግ ቀርቶስ ቢሆን? መልሱን ከፊቱ ላይ ሊፈልግ አየው። ገብረ ሚካኤልም የእሱን ፊት ትክ ብሎ እያየ ነበር።

መጀመሪያ ዞሮ የሄደው እንየው ነው። ጀርባውን ሰጥቶ በእህል ተራ ዞረና ወደ ጨው ተራ ታጠፈ። ገብረ ሚካኤል በወዲያኛው ዳር ዞሮ ኖሮ ከፊቱ መጣ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፤ የሁለቱም ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ያልሰማ የለም። ሰዉ ግን መንገድ ለቆ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ሴቶቹ እንቅባቸውን ሰበሰቡ። ጨው ነጋዴው ሷሊህ አሞሌውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ባዶ ነው ሲሉ አልሰማህም?» አለችው ሚስቱ ሀኒፋ።

«ሰምቻለሁ» አለ ሷሊህ። አሞሌውን ግን መልሶ አላወጣም።

እንየው ቀጥ ብሎ ሊያልፍ አስቦ ነበር። እግሩ ግን ሳያዘው ወደ ቀኝ ወጣ። የገብረ ሚካኤልም እግር በወዲያ በኩል ወጣ። ሁለቱም አንገታቸውን ሳይሰብሩ፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ተላለፉ። ሲተላለፉ በመካከላቸው የተጫኑ ሁለት አህዮች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ያህል መሬት ባዶውን ቀረ።