የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር

እንግሊዛዊው አዛውንት ሠላሳ ዓመት በአገራቸው ፓርላማ ሕግ እንዲሻሻል የታገሉ ደራሲ ነበሩ። ሆሳዕና ከተማ በአንድ አዳራሽ ስለ ሕይወታቸው ተናግረው ሲጨርሱ፣ መምህርት ጵርስቅላ ስለ ሀዲያ ሕዝብ የጻፉትን መጽሐፍ ይዛ ተነሣች።

«የሀዲያ ሴቶች በሸንጎ አይናገሩም ብለው ጽፈዋል። እናቴ ግን ቦኖሻ ከተማ ሽማግሌዎች ፊት ተሟግታ መሬቷን አስመልሳለች።»

አስተርጓሚው ፈራ ተባ እያለ ተረጎመው። አዛውንቱ በከዘራቸው ተደግፈው ከመድረኩ ወረዱ፤ መጽሐፉን ተቀብለው ያን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዙት።

«ድሃ ይሰማ እያልኩ ዕድሜዬን ፈጀሁ» አሉ፤ «እናትሽን ግን ሳልጠይቅ ጻፍኩ። በሕይወት አሉ?»

«ኋላ ተቀምጣለች።»

አዛውንቱ ወንበሮቹን አልፈው አሮጊቷ ፊት ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። ጵርስቅላ ትልቅ ሰው እንዲህ ዝቅ ሲል አይታ አታውቅም፤ እንባዋ መጣ።

«ይንገሩኝ» አሉ አዛውንቱ።

እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው በሀዲይኛ ጀመሩ።